ሦስት ኪሎ በአምስት ቀን

«ሞላልሽ! ወንድምሽ ሞላልሽ!» እናቴ ከቢቸና ስትደውል ደስታዋ ስልኩን ሊሰብረው ነበር። «በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ! ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ!»

እኔ ሞጣ ነርስ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የእኔን የአጥንት መቅኔ ተቀብሎ ከሕንድ ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው። ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የጉበት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊዘጉ ይችላሉ፤ ያኔ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ እንጂ ሥጋ አይደለም። ሚዛን ገዝቼ፣ በየጠዋቱ ቁርስ ሳይበላ፣ በዚያው ልብስ መዝኑት ብዬ ያስተማርኳቸው ለዚሁ ነበር። ሲጨምር ደንግጡ ማለቱን ግን ረሳሁት! እኛ አገር ከበሽታ የተነሣ ሰው ወፈረ ከተባለ ደስታ መሆኑን እያወቅኩ! በራሴ በገንኩ።

«እማዬ፣ የዓይኑን ነጭ እስቲ እዪልኝ።»

«ቢጫ ቢጫ ይላል ልጄ። ምነው?»

ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሹፌሩን ፍጠን እያልኩ አሰለቸሁት። ቢቸና ስደርስ ወንድሜ ሱሪው አልቆለፍ ብሎት እየሳቀ ነበር።

«ባለሀብት አልመሰልኩም?» አለኝ።

በቀኝ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ነካ ሳደርገው ሳቁን ዋጠው። በዚያው ቀን መኪና ተከራይተን አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙም የፈራሁትን አረጋገጠ፤ ጉበቱ ነው፣ ውሃው ካልወጣ ኩላሊቱም ይደክማል አለን።

መድኃኒቱ ተጀመረ። የሚጠጣውን በጉንጭ እየቆጠርኩ፣ ሆዱን በእስክሪብቶ ባሰመርኩት መስመር ላይ በሜትር እየለካሁ መዘገብኩ። ሽንቱን በባለ መስመር ጠርሙስ መለካት የእናቴ ድርሻ ሆነ። እናቴ የቄስ ሚስት ናት፤ ሽንት የሚለውን ቃል ሰው ፊት አንድም ቀን አውጥታ አታውቅም። ለሁለት ቀን የጠርሙሱ ወለል እንኳ በቅጡ አልተሸፈነም። ጸሎትም አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሐኪሙ ጋር ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለ እናቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

«ሸናልኝ! ልጄ ሸናልኝ!» አለች፣ ጠያቂው ሁሉ እየሰማ። «እስካፉ ድረስ ሞላው!»

ጠርሙሱን መቀበል ሲገባኝ እሷን አቀፍኳት፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሁለታችንም እያለቀስን እንስቃለን። የዚያን ጠዋት ልክ መዝገቤ ላይ የለም።