መድኃኒት ጀምሯል

ካምፓላ ውስጥ በእኛ አገር ሰው መካከል «እገሌ መድኃኒት ጀምሯል» ከተባለ የምን መድኃኒት ተብሎ አይጠየቅም። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነገራል፣ ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወሬው ይቀየራል። ስለ እኔ እንዲህ መባል ሲጀምር ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ክኒኑን የምውጠው እንዳይዘኝ ነው።

ፕረፕ ይሉታል። ቫይረሱ የሌለበት ሰው በየቀኑ እየወሰደ ራሱን የሚጠብቅበት መድኃኒት ነው። ያስጀመረኝ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ስል የምወደውን ሰው ማለቴ ነው፤ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኡጋንዳዊ። አገር ቤት ሳለሁ ወንድ የምንወድ ወንዶች ሌላ ሰው እንዳይገባው እርስ በርሳችን «ዜጋ» እንባባል ነበር። ከእሱ ጋር ግን የምንጠራራበት ስም አላገኘንም፤ በሰው ፊት «ጓደኛዬ» ነው፣ ለብቻችንም ያው ነው። ኮሮና ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እኛን የመሰለ ሰው ሲመጣ ፊት ወደማይነሱበት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ይዞኝ ሄደ። ነርሷ ደሜን መረመረች፣ ነጻ መሆኔን ነገረችኝና ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠችኝ።

ጣጣው ብልቃጡ ነበር። የታመሙ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒትም በዚያው ዓይነት ብልቃጥ ነው የሚታደለው። ድምፁ እንኳ አንድ ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳህ ሲንቀጫቀጭ የተሰማ እንደሆነ አጠገብህ ያለው ሰው ዞር ብሎ ያይሃል። ጓደኛዬ ጥጥ እንድጠቀጥቅበት አስተማረኝ። ጠቀጠቅኩበት፣ ካልሲ ውስጥ ከተትኩት፣ ካልሲውንም ሻንጣዬ ሥር ደበቅኩት።

ያን ጊዜ የምኖረው ኪሱጉ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ተጋርተን። እሱ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ እኔ ካባላጋላ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሥጋ ክፍል እሠራለሁ። ጾም የማያፈርስ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ደግሞም ያለውን የማይሰስት ልጅ ነው። ስለ ሴት ሲያወራኝ ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ፤ እሱም «ዓይን አፋር ነህ» ብሎ ይተወኛል።

ኮሮና ሲገባ ታክሲ ቆመ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፣ የእሱም ሱቅ ተዘጋ። የእኛ ምግብ ቤት ወንበሮቹን ደራርቦ ምግብ በቦዳ መላክ ብቻ ያዘ። እኔ በእግሬ ሥራ እሄዳለሁ፣ እሱ ቤት ይውላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስመለስ ብልቃጡ አልጋዬ ላይ ነው፤ እሱም አጠገቡ ተቀምጧል።

«ጥርሴን አሞኝ ማስታገሻ ስፈልግ ነው ያገኘሁት» አለኝ። «ስሙን ስልኬ ላይ ፈልጌ ምን እንደሆነ አየሁ። ለምን ደበቅከኝ?»

መልስ ሳልሰጠው ማልቀስ ጀመረ። ታላቅ እህቱ በዚህ በሽታ እንደሞተች፣ ያኔ እሱ ልጅ እንደነበረ፣ ቤተሰቡ ሳህኗን ለይቶባት ለብቻዋ ትበላ እንደነበር ነገረኝ። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እህት እንደነበረችው እንኳ አላውቅም ነበር።

«እኔ እንደዚያ የማደርግህ መሰለህ?» አለ።

«አልታመምኩም፣ መከላከያ ነው» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ከማን ነው የምትከላከለው? ሚስት የለኝም፤ ሴት ወደ ቤት ይዤ ገብቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ራሱ ይደርስበታል። እህቱን ላጣበት በሽታ የሚያለቅስ ሰው ለሌላው ነገር ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወስዶ አቀፈኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ሆን ብሎ አንሥቶ ይጠጣበት ነበር። እያየሁት። ይህን ሲያደርግ ደስ ይለኛል፣ ያሳፍረኛልም።

ለጓደኛዬ በስልክ ነገርኩት። «ተወው፣ እንደዚያ ያስብ» አለኝ። «ለታመመ ሰው ይታዘናል። ለእኛ ማን ያዝናል?» እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ለማንም እንደማይናገር ቃል ገብቶልኝ ነበር። ነገር ግን ጥሩ ምግብ እንዳይጎድለኝ ብሎ ለምግብ ቤታችን ባለቤት ነገራቸው። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ያላገቡ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ምንም ሳይሉኝ ከሥጋ ክፍል አወጡኝና ካሸር አደረጉኝ። ገባኝ። የክትፎ ቢላዬን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ወሬው ለሥራ ባልደረቦቼም ሳይደርስ አልቀረም መሰለኝ፣ የሻይ ብርጭቆዬን የሚያነሣልኝ ጠፋ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ወደ ዕቃ ክፍሉ ጠሩኝ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና «በባዶ ሆድህ ነው የምትወስደው?» አሉኝ።

«አንዳንዴ።»

«እንደዚያ አታድርግ። ያቅለሸልሻል። ሰዓቱንም አታዛንፍ። እኔ ስጀምር መድኃኒቱ የሚያመጣው ቅዠት ነበር ያስቸገረኝ፣ ያሁኖቹ ተሽለዋል ይላሉ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ነው የጀመርኩት» አሉ። «እዚህ አገር ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። አንተ የመጀመሪያው ነህ። ከሥጋ ያወጣሁህ ፈርቼህ መስሎህ አዝነሃል አይደል? ቢላ ቢቆርጥህ ልጆቹ አይተው ወሬ ያደርጉታል ብዬ ነው። እኔስ ቢላ ስነካ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ምግብ ቤት ይዘው ሽንኩርት እንኳ ሲከትፉ አይቻቸው አላውቅም፤ የባለቤት ክብር ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጠሩኝ። የእሳቸውን ክኒን ከጡታቸው ሥር፣ በመሐረብ ከተቋጠረ አወጡ። «ያንተንም አምጣው፣ አብረን እንውሰድ» አሉኝ። ይህም ልማድ ሆነ። ዘይትና የጤፍ ጆንያ መካከል ቆመን፣ እሳቸው ውኃ ይቀዱልኛል፣ እንውጣለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አንድ ቀን «ይህን ነገር ሰው አጠገቤ እያለ መዋጥ እንዲህ እንደሚቀል አላውቅም ነበር» አሉኝ። የዚያን ዕለት ብርጭቆውን አጥቤ ቶሎ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እንዲህ ሆነን ወራት አለፉ። ታክሲም ጀመረ፣ ወንበሮቹም ተመልሰው ተዘረጉ። ኦልድ ካምፓላ ፍራሽ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ የጎንደር ሰው ምግብ ቤቱን አዘወተሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። እትዬን ለማግባት መፈለጋቸውን ከወጥ ቤት እስከ ዘበኛ ያላወቀ አልነበረም። አንድ ቀን ዕቃ ክፍል ውስጥ እትዬ ክኒናቸውን ከዋጡ በኋላ «እምቢ አልኳቸው» አሉኝ።

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ሰውየውን ልግደለው?»

ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሌላው ቀን ዝም ያልኩት ራሴን ለማዳን ነው፤ የዚያን ቀን ዝም ብል ግን ሴትዮዋ ባላወቁት ነገር ትዳራቸውን እየተዉ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ታዲያ ከእኔ ጋር የምትውጠው ምንድን ነው?»

«እንዳይዘኝ ነው የምወስደው። ጤነኛ ሰው የሚወስደው ነው። ጋሼም ሊወስዱት ይችላሉ። ክሊኒክ ሄደው ይጠይቁ፣ ብዙ ነገር ተለውጧል።»

«ከማን እንዳይዝህ?»

«ፍቅረኛ አለኝ።»

«ታማለች?»

«ወንድ ነው፣ እትዬ። እሱም አልታመመም። ሁለታችንም ለጥንቃቄ ነው።»

የጤፉ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ አልጮኹም።

«እኔ የኔን የነገርኩህ እንደኔ ነህ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አሁን ውጣልኝ።»

ለሳምንታት ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል አልተነፈሱልኝም። ክኒናቸውንም ለብቻቸው ገብተው ይውጣሉ። እኔ ዛሬ አሰናበቱኝ፣ ነገ አሰናበቱኝ እያልኩ ገንዘብ መቀበያው ጋ እቀመጣለሁ። ጓደኛዬ ሲሰማ በጣም ተቆጣ። «የራስህን ብትናገር የራስህ ነው፣ የኔን ለምን ትናገራለህ? ሴትዮዋ ለአንድ ሰው ብታወራ እኔን ከሱቄ ጎትተው ነው የሚያወጡኝ» አለኝ። ልክ ነበር፤ ስሙን ባልናገርም ልክ ነበር። ማኬሬሬ እንዳልመጣ ነገረኝና ስልኩንም ማንሣት ተወ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲርቁኝ፣ የሚያወራኝ የቀረው መታመሜን የሚያምነው አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ብቻ ነበር። ክብደቴ ሲቀንስ አይቶ ደነገጠ፤ ጠበል ይዞልኝ መጣ። ጠጣሁ።

አንድ ጠዋት እትዬ የቀኑን ዝርዝር ሳንቲም ሲሰጡኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያ ክሊኒክ የት ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ብቻቸውን ሄዱ። ነርሷ፣ መድኃኒታቸውን ባለማቋረጣቸው ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ እስኪሆን እንደወረደ፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወደ ባል እንደማይተላለፍ፣ ሰውየው ልባቸው እስኪያርፍ መከላከያውን ቢወስዱም እንደማይከለከሉ ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ በስንት ዓመት ውስጥ የነገራቸው ሰው የለም፤ መድኃኒቱን የሚቀበሉት ፊታቸውን ተሸፋፍነው፣ ሳይጠይቁ ነበር። ከዚያ ለጋሼ ራሳቸው ነገሯቸው። ጋሼ ሰምተው ወጡ፤ ለብዙ ጊዜም ምግብ ቤቱን አልረገጡም። እትዬ በዚያ ሰሞን ጠቆሩ። ጋሼ ሲመለሱ ያው የለመዱት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጥብስ አዘዙ። አገሩ ሁለተኛ ጊዜ ሊዘጋጋ ሲል፣ ጥቂት ሰው ብቻ በተገኘበት ተጋቡ።

ከሠርጉ በፊት ይመስለኛል፣ እትዬ ዕቃ ክፍል ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ያ የነገርከኝ ነገር አልገባኝም። እንዲገባኝም አትጠብቅ። ከእኔ ግን አይወጣም።» ይህን ለጓደኛዬ በመልእክት ጻፍኩለት። ቆይቶ ደወለ። ታርቀናል ሳንባባል ታረቅን፤ ዛሬም ግን በእሱ ጉዳይ አፌን ከመክፈቴ በፊት እጠይቀዋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሥራ አግኝቶ ጁባ ሄደ። እውነቱን አልነገርኩትም።

በፈረንጆቹ 2022፣ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የጓደኛዬም ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ባየበት ሰሞን፣ መድኃኒት ልወስድ ክሊኒክ ስገባ ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አይዞህ» አሉኝ። «የኔዋን እያት፣ ከእኔ በላይ ጤነኛ ናት።»

ወሬውን እሳቸውም ሰምተዋል ማለት ነው። እትዬም ቃላቸውን ጠብቀዋል። ነርሷ ተራ በተራ ጠርታ ሰጠችን። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው የእሳቸውን ብልቃጥ አነበቡ፣ ከዚያ የኔን።

«ይኼ የኔው ነው እኮ» አሉ።

«አዎ፣ የእርስዎው ነው።»

«የኔ መከላከያ ነው ብለውኛል።»

«የኔም መከላከያ ነው፣ ጋሼ።»

«ሚስት አለችህ እንዴ?»

«የለኝም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ልጠይቃቸውም አልፈለግኩም። «ታዲያ ታሟል ሲሉህ ዝም የምትለው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«እሱ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አብረን ወጣን። በር ላይ ሁለት ቦዳ ጠሩ፤ እሳቸው ወደ ኦልድ ካምፓላ፣ እኔ ወደ ሥራዬ ሄድን።