በልጁ ፊት ያልሰማው ነገር

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። አዲስ ሙሽራ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ አለቀለት፤ «ዓይንህ ሥር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ አልተፈቀደልህም እንዴ?» ይለዋል፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል። እኔም የምጠግነውን ሰዓት አስቀምጬ እሱን ለመስማት በሩ ላይ የምቆምበት ቀን ብዙ ነው።

ስልሳን ሲሻገር ሽንቱ አስቸገረው። የአንድ ሰው ፀጉር ሳይጨርስ መቀሱን ጥሎ እየተጣደፈ ይወጣል። ፕሮስቴትህ አብጧል ተባለና ለቀዶ ሕክምና ተቀጠረ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ ዘንድ ይዛው የገባችው ትልቋ ልጁ ነበረች። ሐኪሙ ሌላውን ሁሉ አስረድቶ፣ «ከግንኙነት ጋር በተያያዘ ደግሞ…» ብሎ ሲጀምር ሰውየው እስከ ጆሮው ጋለ። ልጁ አጠገቡ ቆማለች።

«ገብቶኛል ዶክተር፣ እሱን ይተዉት» ብሎ ቆረጠው።

ሐኪሙም ልጅቷን አየት አድርጎ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። አባት ነውና ምን ያድርግ እላለሁ አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ልጄ፣ ውጪ ጠብቂኝ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል ወይ ብዬ እናደድበታለሁ።

ሽንቱ ተስተካከለ፤ ቁስሉም ዳነ። ከሚስቱ ጋር መጀመሪያ የተገናኙ ለት ግን፣ ሁሉ እንደ ድሮው ሆኖ ሳለ፣ መጨረሻው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። «አለቀልኝ፤ ወንድነቴን እዚያ ጥዬ መጣሁ» አለ በልቡ። ደግሞ ቢሞክር ጭራሽ ሰውነቱም ይከዳው ጀመር። ፍርሃት ያመጣው እንደሆነ ማን ይንገረው? ከዚያ ወዲያ ቁስሉን ሰበብ አድርጎ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። ሚስቱ እጇን ስትዘረጋ ይሸሻታል። ሱቁም ጭር አለ። ሙሽራ ሲመጣ ፀጉሩን ብቻ ቆርጦ ይሸኘዋል። አንዱ ደንበኛ «ጋሼ፣ ምላስህን ማን ቆረጠው?» ብሎ ቢቀልድበት፣ ምስጢሩ የታወቀበት መስሎት አንገቱን ደፍቶ መቁረጡን ቀጠለ።

ለክትትል ሲሄድ ሚስቱ አብሬ ካልገባሁ ብላ ድርቅ አለች። ሐኪሙ «ሌላስ ችግር አለ?» ሲለው፣

«ምንም የለም፤ ደህና ነኝ» አለ።

«ደህና አይደለም» አለች ሚስቱ። «ዶክተር፣ ከኔ ጋር መተኛት ትቷል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እየተንተባተበ ተናገረ። ሐኪሙም ሳይስቅበት አስረዳው፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የዘር ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ሽንት ፊኛ እንደሚመለስ፣ ኋላም ከሽንት ጋር እንደሚወጣ፣ ብዙ ወንዶች ላይ እንደሚደርስና ጉዳት እንደሌለው ነገረው። ሰውነቱ የከዳው ከጭንቀት ሊሆን እንደሚችል፣ ካልተሻለው ደግሞ ሕክምና እንዳለው ጨመረለት።

እፎይ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ታለቅሳለች።

«እኔ እኮ አስጠልቼህ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ልብሴን ስቀይር መብራት የማጠፋው ለምን ይመስልሃል? ገላዬን እንዳታየው ብዬ ነው።»

ይህን ሁሉ የነገረኝ ሱቁን ዘግተን አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱንም አዞረብኝ።

«እኔ በራሴ ሳፍር» አለኝ፣ «እሷን በራሷ አሳፈርኳት።»