ወደ ግድግዳው የዞረው ጎን

ያረጀ ቀለም ፖሊሽ ሲደረግ መጀመሪያ የሚያልቀው ትዕግሥት ነው። ማሽኑ ላይ የበግ ፀጉሩን አስረህ፣ ሻካራውን ቅባት ቀብተህ፣ ውኃ እያርከፈከፍክ ቀስ ብለህ ታሻለህ። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ ቀለሙ ይግልና ይላጣል፣ ከሥሩ ላሜራው ብቅ ይላል፤ ያኔ ማሸቱ ቀርቶ እንደ አዲስ መቀባት ነው። ጠርዝ ላይማ እጅህን ካላቀለልክ አለቀልህ። እኔ በዚህ ሥራ እጄ ጥሩ ነው። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ጋሼን የበደልኳቸው በእጅ ጉድለት እንዳልሆነ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ጋሼ የምላቸው አቃቂ በሰቃ ካለው ጋራዤ ጀርባ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩ የፋብሪካ ጡረተኛ ነበሩ። አባታቸው እዚያው አካባቢ ገበሬ፣ በዚያ ላይ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። እሳቸው ግን በፈረስ ፋንታ ባለ ሁለት በር ቀይ የጣሊያን መኪና ነበራቸው፤ ፋብሪካው ውስጥ አለቃቸው የነበረ ጣሊያን አገር ለቆ ሲሄድ የተወላቸው። በጉብዝናቸው ከሳሪስ ቁልቁል ሲለቋት፣ ትራፊኩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እስኪከት አልፈውት ይሄዱ ነበር ይባላል። የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

እኔ ጋ ስትመጣ ግን ቀይነቷ ሄዶ የታጠበ ሽንኩርት ልጣጭ መስላ ነበር። ጣትህን ብታሳርፍባት ዱቄት ይዘህ ትመለሳለህ። ጋሼም ታመው፣ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀምረዋል። የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ እግራቸው ሳይከዳቸው መኪናቸው እንደ ድሮዋ ስታበራ ማየት። ፈረስም ቢሆን ሳይታሽ አደባባይ አይወጣም አሉኝ። በሳምንት አደርሳለሁ ብዬ ተቀበልኩ።

በግራ በኩል ጀመርኩ፤ የኮፈኑን ግማሽ፣ የግራውን በር፣ የኋላውን ጎን እስከ መብራቱ ድረስ። የበግ ፀጉሩ ቀላ፣ ቱታዬም ቀላ፣ አክታዬ ሳይቀር ቀላ። ከዚያ ሁሉ ዱቄት ሥር ግን ፊት የሚያሳይ ቀይ ወጣ። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና በሩ ላይ የራሳቸውን ሽበት አይተው ሳቁ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሳያሰንፈኝ አልቀረም።

በማግሥቱ የሰርግ መኪኖች መጡ። ፋሲካ አልፎ የሰርግ ሰሞን ነበር። የሰርግ መኪና ቀን አለው፣ ባለቤቱም ይጮሃል፤ ጋሼ አይጮሁም። ቦታ ለማስለቀቅ ቀይዋን ገፍቼ ቀኝ ጎኗን ከግድግዳው አስጠጋኋት። የሚታየኝ የሠራሁት ጎን ብቻ ስለሆነ፣ እያደር ያለቀች እየመሰለችኝ ዓይኔ ለመዳት።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፤ ለዛሬ ነገ ባይ እንደ ፈረቃ የሚመች ነገር የለም። ጋሼ አልጋ ከያዙ በኋላ አመሻሽ ላይ ልጠይቃቸው እሄድና፣ መብራቱ እየጠፋ አስቸገረን እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። በጠፋበት ቀን ሥራ የለም፤ በበራበት ቀን ደግሞ ማሽኑ የሚዞረው በሌላ ሰው መኪና ላይ ነው። ደግነቱ፣ በሄድኩ ቁጥር ቤታቸውን በሻማ ነው የማገኘው። እኔ ጋ በርቶ ስመጣ እንኳ እዚያ ጨለማ ነው። መስመራችን የተለያየ ቢሆን ነው አልኩና፣ ውሸቴ ምስክር ስላገኘ ተንፈስ አልኩ። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ሻማውን ወደ እኔ ያስጠጉልኛል። ጋሼም ምን ታደርግ ልጄ፣ የመንግሥት ነገር ነው እያሉ እኔኑ ያጽናኑኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ሲቀል አላየሁም።

አንድ ማለዳ ከአጥሩ ወዲያ ዋይታ ሰማሁ። ጋሼ አርፈዋል። ረፋዱ ላይ ወንድማቸው ከገጠር ደርሰው ጋራዡ ድረስ መጡ። በእነሱ ዘንድ የሟች ፈረስ ተሸልሞ ለቀስተኛው ፊት ይወጣል።

“ወንድሜ ፈረስ የለውም። ፈረሱ እሷ ናት፤ ለቀብሩ አውጣልን” አሉኝ።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ሮጬ ማሽኑን ሰካሁ። መብራት የለም። ያን ቀን የምር ጠፍቶ ነበር። በጨርቅ አሸሁ፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁ፤ ያረጀ ቀለም በእጅ የሚበገር አይደለም፣ ከማዥጎርጎር አላለፈም። ዘግቼ ልጥፋ ሁሉ ብዬ ነበር። በመጨረሻ ጥቁር ጨርቅ አስረንላት እየገፋን አወጣናት፤ ግራዋ ያበራል፣ ቀኟ አመድ ነው።

ከገጠር የመጡት ዘመዶች በፈረስ ነበሩ። ሲያዩዋት ልጓማቸውን ሳቡ። አንድ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው ዞሯት፤ ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሚያበራው ጎን የኖረበት ነው፣ የደበዘዘው ከእኛ የተለየበት ነው ብለው ለሌሎቹ አስረዱ። አልቃሿ ቃሉን ተቀብላ ግጥም አወጣችለት፤ ለቀስተኛውም ደረቱን መታ። ወንድማቸው ትከሻዬን ይዘው፣ ለካ ወግ የሚያውቅ የከተማ ሰውም አለ አሉ። አይ፣ ሳልጨርሳት ቀርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱም እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ።

ከቀብር መልስ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲገባ፣ እትዬ በቀኙ በር አጠገብ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ድሮ እሳቸው የሚቀመጡት በዚያ በኩል ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

“ማሽንህ ሲጮህ እኮ ይሰማው ነበር” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ኮቴህን በአጥሩ በኩል ሲሰማ፣ አምፖሉን አጥፊው፣ ልጁ እንዳያፍር ይለኛል። እኔም አጠፋና ሻማ እለኩሳለሁ።”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኙን ጎን የአርባው ዋዜማ ጨረስኩት። የማንንም መኪና አላስጠጋሁም፤ እጄም እንደዚያ አምሮለት አያውቅም። አመሻሽ ላይ ለእትዬ ልነግራቸው በአጥሩ በኩል ሄድኩ። የመስኮታቸው መብራት በርቷል። ኮቴዬ እንዲሰማ ብዬ ጠጠሩን በጫማዬ እያንኳኳሁ ቀረብኩ። መብራቱ አልጠፋም።