የነስሩ ከንፈር

ዛሬ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳቅ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ገላመጠኝ፤ እውነታቸውን ነው።

የቀበርናቸው ጋሽ ወርቁ በደርግ ጊዜ እኔ የዘፈንኩበት የኪነት ኦርኬስትራ መሪ ነበሩ።

ያኔ አጋሮ የቡና ገበሬዎች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከጠዋት ጀምረን እንጫወታለን። ረመዳን ሲገባ ግን ትራምፔት ነፊያችን ነስሩ ይቸገራል። በጾም የደረቀ ከንፈር አይነፋም።

ጋሽ ወርቁ ለነስሩ ከበሮ ይሰጡትና የእሱን ዜማ ለአኮርዲዮኑ ያዞራሉ። ካድሬው "ጓድ፣ ትራምፔቱ ምነው ዝም አለ?" ሲላቸው፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው "ከንፈሩ ቆስሏል" ይላሉ። "ጾም ይዞ ነው" ቢሉ ሁለቱም መታሰራቸው ነበር።

በየዓመቱ ልክ አንድ ወር የሚቆስል ከንፈር! ካድሬው አንዴም አልነቃም።

ዛሬ ምሳ ሲዞር ነስሩ አጠገቤ ተቀምጧል፤ እሱም ሸምግሏል። የጋሽ ወርቁ ልጅ ረመዳን መሆኑን ረስታ፣ "ጋሽ ነስሩ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ" ብላ ሳህን ዘረጋችለት።

አፉን በእጁ ሸፈን አድርጎ፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ከንፈሬ ቆስሏል" አላት።

የሳቅኩት ያኔ ነው። እሱ ግን እያለቀሰ ነበር።

እናንተስ? ለእናንተ ሲል የዋሸ አለቃ ነበራችሁ?