ድምፅ የተሰጠበት ጭስ

በደርግ ጊዜ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ በነበረ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቀን ሾፌሩ ጋሽ ዳንጊሶ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና አመጡ። "ልጄ፣ ተርቦው እያፏጨ ዘይት ይጠጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ተርቦ ዘይት ያፈስ ነበር።

የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበራችን ግን "ፒስተኑ ነው የተበላው" ብሎ መካኒኩንም ሾፌሩንም ስብሰባ ጠራና እጅ አስወጣ። ተሸነፍኩ። ደሜ ፈላ። ሞተር በእጅ ብልጫ ይመረመራል እንዴ? ወጥቼ ተርቦውን ፈታሁና ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቱቦ አምጥቼ ቀይ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት።

ሊቀመንበሩ ቱቦውን አገላብጦ አየው።

"ጓድ፣ ልክ ነህ" አለ። "ግን የአብዛኛው ውሳኔ ይከበራል። ሞተሩን አውርድ።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቀድመው ያጨበጨቡት ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ።