ሁለተኛዋ ቀጭን መስመር

የመጨረሻዋን ልጄን ከወለድኩ በኋላ እግሬ አብጦ፣ ትንፋሼ አጥሮ፣ ትራስ ደራርቤ ቁጭ እንዳልኩ ነበር የማድረው። ሐዋሳ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ደረቴን አዳመጠች፣ በማሽንም አየችና ባሌን ጠርታ፣ «ልቧ ደክሟል። ሌላ እርግዝና አትችልም፤ ካረገዘች ትሞትብሃለች» አለችው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነው፣ እንደሌለሁ ሰው። የእኔን ቱቦ ለማስቋጠር ማደንዘዣው ያሰጋል ተባለ። የወሊድ መከላከያ መርፌውንም ከዚያ በፊት ሞክሬው፣ ደም አላቆም ቢለኝ ነው የተውኩት። እንግዲህ የቀረው እሱ ነበር።

ባሌ የቦረና ሰው ነው፣ ትውልዱ ዱብሉቅ አካባቢ። ነገሌ ላይ የከብት ጨውና የከብት መድኃኒት የምንሸጥበት ሱቅ አለን። ጣጣው ከብት ማወቁ ነው። ኮርማ ሲኮላሽ እያየ ያደገን ሰው፣ «ቱቦው ብቻ ነው የሚቋጠረው፣ ሌላው እንዳለ ነው» ቢሉት እንዴት ይመን? ከሐኪሟ ክፍል ወጣ። ከበሩ ፊት ካለች ሱቅ ውሃ ገዝቶ ጠጣና ተመልሶ ገባ። በማግሥቱ ተሠራለት። ስንመለስ አውቶቡሱ ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር ከንፈሩን ይነክስ ነበር። ክብረ መንግሥት ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «ሰንጋ ይሉኛል።»

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ከቋጠሮው ወዲያ የቀረ ዘር ይኖራል። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ተመርምሮ፣ ንጹሕ መሆኑ ካልታየ እንደተሠራ አይቆጠርም። እስከዚያ በኮንዶም ነው፤ ኮንዶም ደግሞ ይቀደዳል። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ በዕቃ ይዞ ሄዶ ለላቦራቶሪ መስጠት ብቻ። ችግሩ፣ ያን ጊዜ በከተማችን ያንን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው የእኔ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው።

የሚስት ወንድም በባሌ ወገን ሶዳ ይባላል፤ አማች ነው። ሶዳ ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ የመኝታ ነገር አይነሣም። ሁለቱ ስንት ዓመት ሲተዋወቁ አንድ ቀን እንኳን ሲቀላለዱ አላየሁም።

«ደሜን አምጣ ቢለኝ እሰጣለሁ» አለኝ ባሌ። «ሽንቴንም ቢሆን። ይኼን ግን ይዤ ወንድምሽ ፊት...»

እኔስ ብሆን? የባሌን ነገር በዕቃ ይዤ ወንድሜ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?

አዲስ አበባ ፋርማሲ ለምትሠራ የእህቴ ልጅ በስልክ ሹክ አልኳት። እሷ ከውጭ ከመጣ ሰው አፈላልጋ፣ ቤት ውስጥ የሚመረመሩበትን ላከችልን። እንደ እርግዝና መመርመሪያው ያለ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ መስኮት ያለው። አንድ ብቻ ነው የተገኘው። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አማርኛውንም ያወቅሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከኋላቸው ሆኜ ነው። ስለዚህ ድምፅዋን ቀድታ ላከችልኝ። «አክስቴ፣ ሁለት መስመር ከወጣ ዘሩ ገና አለ። አንድ ከሆነ የለም። ዐሥር ደቂቃ ላይ እዩት። ካለፈ አትመኑት፤ ዘግይቶ የሚወጣ መስመር ውሸት ሊሆን ይችላል።»

ሦስት ወሩ ሲሞላ፣ እሑድ ጠዋት ትልልቆቹን ልጆች እናቴ ቤት ላክናቸው። ሕፃኗ ተኝታለች። ባሌ ዕቃውን ይዞ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመና፣

«ውጪልኝ» አለ።

«እነዚህን ሁሉ ልጆች ከገበያ ነው እንዴ የገዛናቸው?» አልኩት። ሳይወድ ሳቀ፤ ወጣሁለት።

ሲጠራኝ ገባሁ። ለጥጃ መድኃኒት ማንጠባጠብ የለመደ ስለሆነ ጠብታውን እሱ ነው ያደረገው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም ወደ መስኮቷ አቀረቀርን። መጀመሪያ አንዷ መስመር ብቅ አለች። እሷ ሁልጊዜም የምትወጣዋ ናት፤ የምንፈራት ሌላዋን ነው። ቦታዋ ነጭ ነበር።

ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ፤ «ናጋ? ሰላም?» የሚል ድምፅ ሰማን። የባሌ ፊት ዐመድ መሰለ። አቡያው ናቸው፣ የእናቱ ወንድም። አቡያን በር ላይ ማቆም ነውር ነው፤ «ይጠብቁኝ» ማለትማ አይታሰብም። ጨው በጫነ መኪና ከዱብሉቅ መምጣታቸው ነው። ሁለታችንም ተያይዘን ወጣን።

«ናጋ ናችሁ? ሰዉ ናጋ ነው?» አሉ።

«ናጋ ነው።»

«ልጆቹ? ሱቁ? ጎረቤቱ?»

«ናጋ ነው፣ አቡያ። እርስዎስ? ከብቱ?» አለ ባሌ። እንዴት አይጠይቅ?

የቦረና ሰላምታ እንደ ከተማ ሰው አይቆረጥም። የከብቱ ሰላም፣ የኤላው ጉድጓድ ውሃ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ አንድ በአንድ ይመለሳል። ባሌ ዓይኑ መኝታ ቤቱ በር ላይ እየሄደ፣ አፉ ስለ ሣር ያወራል። እኔ ሕፃኗን ላምጣ በሚል ሰበብ ልነሣ ስል፣ እሷው አልቅሳ ነቃች። አቅፌያት እየሮጥኩ ሳወጣት ወደ መስኮቷ እንኳ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም፤ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«ሴት ናት አይደል?» አሉና ለምርቃት አናቷ ላይ ምራቅ «ቱፍ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ «ሆድሽ አይድረቅ። ቀጥሎ ወንድ ይስጥሽ፤ ከእሱም ቀጥሎ ወንድ። ውለጂ፣ አሳድጊ፣ ደግመሽ ውለጂ።»

ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም። «አሜን» አልኩ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። «ጮክ በይ እንጂ» አሉኝ አቡያ። «አሜን» አልኩ ጮክ ብዬ። የሚገድለኝን ነገር ሲለምኑልኝ አሜን ከማለት ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

ወተት ቀርቦላቸው፣ ጠጥተው ጋደም ሲሉ ገባን። ሁለተኛዋ መስመር ወጥታለች። ቀጭን፣ እንደ ጸጉር።

«የለችም» አለ ባሌ።

«አለች።»

ወደ ብርሃኑ ይዟት ሄደ። ገለበጣት፣ ዘቀዘቃት። ከዚያ በቀስታ አስቀመጣት። አለች ማለቱ ነው። ለእህቴ ልጅ ደወልኩ።

«ዐሥር ደቂቃ ላይ ምን ነበረች?» አለችኝ።

«አቡያ መጡ።»

«ምን?»

«አቡያ መጡ አልኩሽ።»

«እንግዲያውስ አይታወቅም፣ አክስቴ» አለች። «ሌላ ደግሞ አላገኘሁም።»

አቡያ ሳምንት ሰነበቱ። በየማለዳው ይመርቁኛል፣ በየማለዳው አሜን እላለሁ። ባሌ ሱቅ ለመክፈት እየቸኮለ ይወጣል። እሳቸውን መኪና ባሳፈረ ማግሥት ግን ሳይነግረኝ ተነሣ። ዕቃውን ጠቅልሎ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብብቱ ሥር ከሸሚዙ ውስጥ አደረገው። የት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በሆስፒታሉ መንገድ ራሱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሲሄድ ከበር ላይ አየሁት።

ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ባሌ ድምፁን ሲሰማ በጓሮ በር ወጣ። ወንድሜ ግባ ብለውም አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ አጥሩን እያየ ነው የነገረኝ።

«ጥቂት አሉ፣ እታለም። የሞቱ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።»

«የሞተ ይነሣል?»

«አይነሣም» አለ፣ ፈገግታ እንደ መጣበት አፉን ያዘ። «ግን ከወር በኋላ ይድገመው። ጨርሶ ካልጠፋ ንጹሕ ነው ብዬ አልፈርምልሽም። እስከዚያ ተጠንቀቁ።»

ባሌን ጓሮ፣ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ነገርኩት።

«ደግሞ ልሄድ?» አለ። «በምን ፊቴ?»

«በዚያው በዛሬው።»

የፈሰሰውን ጨው በእግሩ ይሰበስብ ጀመር። እኔም አልጨመርኩም፤ ልቤ እየቸኮለች ነበር፣ ማውራትም ይደክመኛል። ገብቼ፣ ወሩ እስኪሞላ ብዬ፣ ብርድ ልብሴን ከመኝታ ቤት አነሣሁና ወደ ልጆቹ ክፍል ወሰድኩት። ትልቋ፣ «እማዬ፣ ከአባዬ ጋር ተኳርፋችሁ ነው?» አለችኝ። «ተጠጊልኝ» አልኳት።