ቅርንጫፍ ያልተተከለበት ቀዳዳ

ኦርቮ ፔልኮነን ከሐይቃችን ሰዎች ሁሉ ብዙ በረዶ በስቶ ጥቂት ወዳጅ ያፈራ ሰው ነው። ስለ ሐይቁ ስጽፍ ልቤ ይሞቃል፤ ስለ ኦርቮ ስጽፍ ብዕሬ ሳይቀር ይበርደዋል። ምን ይደረግ፣ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውራት አይቻልም።

ታኅሣሥ ሲገባ ሐይቁ ሰው የሚያስኬድ በረዶ ሆኖ ነጩን ለብሶ ይተኛል። ብርዱ ሲጠናበት ከሆዱ እንደ በገና ያቃስታል፤ ድምፁ ከዚህ ዳር ተነሥቶ እዚያ ማዶ ጥዶቹ ሥር ሄዶ ይሞታል። እኛ አሳ ልናጠምድ በረዶውን በስተን፣ ባልዲያችንን ገልብጠን፣ እላዩ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። በዚያ ሰዓት ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም እል ነበር። ኦርቮ ግን ቻለ።

የመጥበሻ አሳ ማንም ያወጣል። መዳፍ የምታክል፣ ሆዷ ቢጫ፣ ትል ካየች የማያስችላት ናት። ነጩ አሳ ግን ኩሩ ነው። እሱን የፈለገ ሰው ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ይቆርጥና ማታ ማታ የተቀቀለ ገብስ ወደ ታች እየበተነ ሳምንታት ይቀልበዋል። አሳው ቦታውን ሲለምድ ያን ጊዜ መንጠቆ ይጣላል። አንዱ በቀለበው ቀዳዳ ሌላው መንጠቆ አይጥልም፤ ይህን የሰሜን ሚሺጋን ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል። ሰፊ ቀዳዳ ትቶ የሚሄድም አጠገቡ የጥድ ቅርንጫፍ ተክሎ ይሄዳል፤ በረዶ ሲጥልበት ሰው አይቶ እንዲርቅ።

ኦርቮ ሁለቱንም ሕግ ያውቃል። የመጀመሪያውን አምና አፍርሶታል። አንድ ምሽት ሳይሚ ኩዊሲስቶ ከቀለበችው ቀዳዳ አሳ አውጥቶ ሄደ። ሳይሚ ባሏ የሞተባት፣ የበረዶ መሰርሰሪያዋን እየገፋች የምትዘፍን ሴት ናት። የኦርቮ የግራ ጫማ ተረከዙ የተሸረፈ ነውና ዱካው ሌባውን ተናገረ። ሳይሚ አየችው፤ በእግሯ አጠፋችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ቀድመን ያየን አይተናል። እሱ ግን ዝም በመባሉ ብልጥ የሆነ መሰለው እንጂ አላፈረም።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ዘንድሮ ኦርቮ የራሱን ቀዳዳ ሲቆርጥ ሁላችንንም ሌባ አድርጎ ነው የቆረጠው። ጎጆ አልሠራበትም፤ ያሳብቃል። ቅርንጫፍ አልተከለበትም፤ ያሳብቃል። ሲመለስ ቀዳዳውን በጆንያ ይሸፍንና በላዩ በረዶ ይበትንበታል፤ ለተኩላ ጉድጓድ እንደሚያበጅ አዳኝ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ፈገግ ይላል። እንዲያ ያለ ውብ ጀምበር ፊት ለፊቱ እየጠለቀች፣ በረዶው ጽጌረዳ መስሎ እየቀላ፣ ሰውየው በጆንያው ይስቃል!

ይህ ሁሉ ለአንዲት ጭልፋ ነው። በየካቲት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ትልቁ የአሳ ሾርባ ይሠራል፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቅቤና ወተት ያለበት፣ አያቶቻችን ከፊንላንድ ይዘውት የመጡት። ነጩን አሳ ያመጣ ሰው በገበታው ራስ ይቀመጥና የመጀመሪያውን ጭልፋ ይቀምሳል። የኦርቮ አባት ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦበታል። እሱ ከሞተ ወዲህ ወንበሩ የሳይሚ ሆኗል። ኦርቮ በየዓመቱ ሾርባውን ሲበላ ዓይኑ እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ የሚውጠውን አያውቅም። እዚህ ላይ ትንሽ ሊያሳዝነኝ ይቃጣዋል። ከዚያ አፉን ይከፍታል።

«ዘንድሮ ተነሽ እልሻለሁ!» አላት በገና ሰሞን ሱቅ ውስጥ።

«አንተ ብቻ አሳውን አምጣ፣ ወንበሩን እኔው ራሴ እወለውልልሃለሁ» አለችው እየሳቀች።

ከልቧ ነበር። እሱ ግን ያላገጠችበት መሰለው።

የሾርባው እራት ዕለት ጠዋት በረዶው እንደተነደፈ ጥጥ ይወርድ ጀመር። ኦርቮ ቀናው። ክንድ የሚያህሉ ነጭ አሳዎች አከታትሎ አወጣ። ሣጥን ውስጥ ደርድሮ በበረዶ ጋሪው ላይ ጫነ፤ ቀዳዳውን በጆንያ ሸፈነ፤ የጋሪውን ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ ወደ መንደር አቀና። ወንበሩ የእሱ ሆነ። ጭልፋው አፉ ጋ ደረሰ።

ብዙም ሳይርቅ ከኋላው ዘፈን ሰማ።

ላይ ላዩን ቢደርቅ ቢመስልም ድንጋይ፣
ከሥሩ ውሃ አለ ሚያዝያን የሚያይ።

ሳይሚ ናት። ነጭ አሳ ዘንድሮ እምቢ ብሏት፣ ለእራቱ የመጥበሻ አሳ ልታወጣ ከባለሱቁ ከሬይኖ ጋር እያለፈች ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ያን ድምፅ ቆሞ ባዳመጠ። ኦርቮ ግን ጋሪውን እየጎተተ ወደ ኋላ ሮጠ።

«ማናችሁ እዚያ! ያ ቦታ የኔ ነው! ወግዱ ብያለሁ!»

ማዶ ያለው ጥድ አይታይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ አይታይ፤ ሰማይና ሐይቁ አንድ ነጭ ሸማ ሆነዋል። ቀዳዳውን በዓይኑ ፈልጎ አጣው። በእግሩ አገኘው።

ጆንያው እሺ ብሎ ገባለት። ጋሪው ቀዳዳው አፍ ላይ ተጋድሞ ገመዱ ባይዘው ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃና እጽፈው ነበር። ሬይኖ ጩኸቱን ተከትሎ በደረቱ እየተሳበ ደረሰ፤ ሳይሚ እግሮቹን ያዘችለት።

«እጅህን አምጣ! ሁለቱንም!»

«ሣጥኑን... መጀመሪያ ሣጥኑን...»

«ሣጥኑ ደረቅ ላይ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ውሃ ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ!»

ጎትተው አወጡት። ጢሙ ወዲያው በረዶ ሠራ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው፤

«ቦታውን አያችሁት፣ አይደል?»

ሬይኖ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «አክስት ሳይሚ፣ መልሰን እንክተተው እንዴ?»

«ተው፣ አሳዎቹ ይደነግጣሉ» አለች ካፖርቷን እያወለቀች።

«ቦታህንማ ከገና ጀምሮ ነው የምናውቀው» አለው ሬይኖ። «የአሳ አንጀት እየጣልክ፣ ያገሩ ቁራ ሁሉ እላዩ እየዞረ፣ ማን ያላወቀ አለ?»

ኦርቮ ከበረዶው ቀና አለ። «ታዲያ ለምን አልሰረቃችሁኝም?»

ሳይሚ ካፖርቷን አለበሰችውና እንደ ሕፃን እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። «የቀለብከው አንተ ነሃ!»

አላመናትም። ፊቱ ላይ አየሁት ይላል ሬይኖ፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ሆኖ እንኳ ተንኮሏን ይፈልግ ነበር።

ሕግ ሕግ ነውና ማታ በገበታው ራስ አስቀመጥነው። የሬይኖን ሱሪ አጥልቆ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ እንደ ጳጳስ ተንሰራፋ። ሳይሚ ቃሏን አክብራ ወንበሩን ወለወለችለት። ከዚያ ከጉያዋ የጥድ ቅርንጫፍ አወጣችና ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሰረችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነዋ። የሚያልፍ ሰው አይቶ እንዲርቅ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በእራቱ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው ጊዜ አላጠፋም፤ የሳይሚን ዜማ አንሥቶ የራሱን ግጥም ከተተበት።

ሐይቁ እንኳ ይሞቃል ሚያዝያ ሲመጣ፣
ከኦርቮ ልብ ግን በረዶ መች ወጣ!

ሳይሚ ጭልፋውን ሞልታ ሰጠችው። ወንበሩን የያዘ ሰው ቀምሶ የሚያመሰግንበት ጊዜ ነው፤ አባቱ ሐይቁን፣ ከዚያ አብሳዮቹን፣ ከዚያ የሞቱትን ያመሰግን ነበር። ጠዋት ከውሃ የወጣ ሰው አንድ ቃል አያጣም ብዬ እኔ ሞኙ ጠበቅሁ። ኦርቮ ቀመሰ። ከንፈሩን ጠረገ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

በማግስቱ ሳይሚ ያንኑ ቅርንጫፍ ወስዳ ቀዳዳው አጠገብ ተከለችው። ከሰዓት በኋላ ተነቅሎ ተጥሎ አገኘነው፤ ዙሪያውን ተረከዙ የተሸረፈ ጫማ ረግጦታል። ሳይሚ አነሣችው፣ በረዶውን አራገፈችለት፣ እየዘፈነች መልሳ ተከለችው።